«አማን» መታሰር የሆነበት ጊዜ፦ የኢንዶኔዥያን የፖለቲካ ንግግር ለሚያጠኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ መካከል የፖለቲካ ሳይንስ የምታጠኑ፣ በዜና ክፍል የምትውሉ፣ ለባለሥልጣናት ንግግር በማርቀቅ እንጀራ መብላት የጀመራችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው። ዕድሜዬን በትርጉም ሥራ የፈጀሁ ሰው ስሆን፣ ስለ ፖለቲካ ንግግር ከማውቀው አብዛኛውን ያስተማረችኝ አገር ኢንዶኔዥያ ናት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርቱ የጀመረው በስህተት ነው። በ1997፣ የሜይ 29ኙ ምርጫ ሲቃረብ፣ ጃካርታ ውስጥ በአንድ ቢሮ ተቀጥሬ የአገሩን ጋዜጦች እያነበብኩ ፍሬ ነገራቸውን ወደ እንግሊዝኛ እመልስ ነበር። አንድ ማለዳ ጥቂት ተማሪዎች «ዲያማንካን» እንደተደረጉ የሚገልጽ አጭር ዜና ገጠመኝ። የቃሉ ሥር «አማን» ነው፤ ኢንዶኔዥያውያን ከአረብኛ የወረሱት፣ እኛም ሰው ስናገኝ «አማን ነው?» ብለን ከምንጠይቅበት ቃል ጋር ሥሩ የሚገናኝ፣ ደኅንነትን የሚያመለክት ቃል ነው። ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ «ተማሪዎቹ ከአደጋ ተጠበቁ» ብዬ ተረጎምኩት። አጠገቤ የሚቀመጠው አንጋፋ ባልደረባዬ ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ ቀና ሳይል፣ «ታስረዋል ማለት ነው» አለኝ። በዚያው ሰሞን የአንድ ሸቀጥ ዋጋ «ተስተካከለ» የሚል ዜና ሳነብ ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጨምሯል ማለት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ስለ ፖለቲካ ንግግር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው መድረክ፣ ድምፅ ማጉያና ጭብጨባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ንግግር ውሸትን ማሳመሪያ ቅባት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከዚያች አገር ያየሁት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የመግዛት መብቱን ያስደገፈበት አንድ ዋና ቃል ነበረው፤ ሕዝቡም ያን ቃል የተቀበለው አስቀድሞ የራሱ ስለነበር ነው። መንግሥትም ቃሉን በተጠቀመ ቁጥር ቅቡልነት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ያከማቻል። በአማርኛ «ቃል» ስንል የምንናገረውም ሆነ የምንገባው አንድ ስም ስላላቸው፣ ይህን ነገር ለእናንተ ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም።

የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ከሆነው ከሱካርኖ በፊት እንኳ አንድ ትልቅ የንግግር ውሳኔ ተወስኖ ነበር። ከአሥራ ሰባት ሺህ በላይ ደሴቶችና በመቶ የሚቆጠሩ ቋንቋዎች ባሉበት አገር፣ በቁጥር ትልቁ ሕዝብ ጃቫዊው ሆኖ ሳለ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1928 የተሰበሰቡ ወጣቶች የአንድነት ቋንቋ ይሁን ብለው ቃል የተገባቡት ለጃቫኛ ሳይሆን በወደቦችና በገበያዎች ሲነገር ለኖረው ለማላይኛ ነው፤ ስሙንም የኢንዶኔዥያ ቋንቋ አሉት። ጃቫኛ ሰው ከበላዩና ከበታቹ ጋር ሲነጋገር ቃላቱን ከሥር ጀምሮ የሚለዋውጥበት፣ ከእኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እጅግ የረቀቀ የማዕረግ ደረጃ ያለው ቋንቋ ነው። ማላይኛ በንጽጽር ሜዳ ነው። ስለ እኩልነት ለመናገር የሚፈልግ መሪ ሜዳው ተዘጋጅቶ ጠበቀው ማለት ይቻላል።

ሱካርኖ ጁን 1 ቀን 1945፣ በጃፓን ወረራ ዘመን ነጻነትን እንዲያሰናዳ በተቋቋመው ጉባኤ ፊት፣ ፓንቻሲላ የተባሉትን አምስት መርሆች አቀረበ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የንግግሩ አንድ ክፍል ነው፦ አምስቱ ቢበዙባችሁ ወደ ሦስት ላጥፋቸው፣ ሦስቱንም ካልወደዳችሁ ወደ አንድ ልሰብስባቸው ካለ በኋላ፣ ያ አንዱ «ጎቶንግ ሮዮንግ» ነው አለ። እኛ ደቦ ወይም ወንፈል የምንለው ነው። ገና ያልተወለደን መንግሥት፣ ማንኛውም ገበሬ ትናንት ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሲሠራው በዋለው ሥራ ስም ጠራው። ኋላም የመርሆቹ ፈጣሪ ሳልሆን ከአገሬ አፈር ቆፍሬ ያወጣኋቸው ነኝ ይል ነበር። ቆፋሪ ነኝ ማለቱ ትሕትና ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከመርሆቹ ይልቅ ብልህ የሆነው አነጋገር ይኸው ነው፤ ፈጣሪን መሞገት ይቻላል፣ አፈርን ግን ማን ይሞግታል? በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ቀን በቤቱ ደጃፍ ያነበበው የነጻነት አዋጅ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ረጅም ንግግር የሚወድ ሰው መቼ ማጠር እንዳለበትም ያውቅ ነበር።

ሕዝቡ «ቡንግ ካርኖ» ይለው ነበር፤ «ቡንግ» ወንድም ማለት ነው፣ የትግል ዘመን ወንድም። እርሱም ራሱን የሕዝብ አንደበት እያለ ይጠራ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 አገሮች በተገኙበት በኤፕሪል 1955ቱ የባንዱንግ ጉባኤ መክፈቻ ላይ ሲናገር፣ የእስያና የአፍሪካ ነጻነት በአንድ ሰው ድምፅ የተነገረ ይመስል ነበር፤ በውጭ ያገኘው ክብር ደግሞ በአገር ቤት ሥልጣኑን አጠነከረለት። ችግሩ የመጣው ንግግሩ ብቻውን ሲቀር ነው። በጁላይ 1959 የ1945ቱን ሕገ መንግሥት በአዋጅ መለሰ፣ የዚያ ዓመት የኦገስት 17 ንግግሩ የመንግሥት መመሪያ ሆነ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በ1955 የተመረጠው ፓርላማ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ መሪው ይናገራል፣ የተናገረው ፖሊሲ ይሆናል፣ ፖሊሲውም በሚቀጥለው ዓመት ንግግር ይወደሳል። ለ1964ቱ ንግግሩ ያወጣለት ርእስ፣ ጣሊያንኛ ቀላቅሎ፣ በአደጋ ውስጥ የመኖር ዓመት የሚል ነበር። የዋጋ ንረቱ ከ600 በመቶ ባለፈበት ጊዜ፣ ሩዝ ለመግዛት ለተሰለፈችው እናት ይህ ርእስ ምሳሌያዊ አነጋገር አልነበረም። በጁን 1966 ለጊዜያዊው የሕዝብ ምክር ጉባኤ ያቀረበው የማብራሪያ ንግግር ተቀባይነት አጣ፤ በማርች 1967ም ሥልጣኑን ተነጠቀ። ድምፁ ያው ድምፅ፣ ችሎታውም ያው ችሎታ ነበር።

እዚህ ላይ ፈጥኜ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በሴፕቴምበር 30 ሌሊትና በኦክቶበር 1 ንጋት 1965 ስድስት ጄኔራሎች ተገደሉ፤ ጦሩም ተጠያቂው የኮሚኒስት ፓርቲ ነው አለ። ወዲያው የጦሩ ጋዜጣ ለድርጊቱ «ጌስታፑ» የሚል ምኅጻር አወጣለት። በኢንዶኔዥያኛ ቀኑ ሲነገር ሠላሳው ይቀድማል፣ ሴፕቴምበር ይከተላል፤ ምኅጻሩ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱም የናዚዎቹን የምስጢር ፖሊስ፣ ጌስታፖን፣ እንዲያስታውስ ተፈልጎ ነበር። ሱካርኖ የኦክቶበር 1 ንቅናቄ ለማለት «ጌስቶክ» የሚል ሌላ ምኅጻር ቢያቀርብም የሚሰማው አላገኘም። በተከታዮቹ ወራት የተገደለውን ሰው ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ያደርሱታል። ገዳዮቹን ቃሉ ብቻ አሰማራቸው አልልም፤ ዝርዝር ያዘጋጀ፣ መሣሪያ ያቀበለ፣ ያደራጀ አካል ነበር። ነገር ግን ለጎረቤቱ ጎረቤትነትን የሚያስረሳ ስም አስቀድሞ ተሰጥቶት ነበር፤ አዲሱ መንግሥትም የመጀመሪያውን ቅቡልነት ያገኘው በዚያ ስም ላይ ቆሞ፣ አገርን ከጌስታፑ ያዳንኩ እኔ ነኝ በማለት ነው። ንግግር የምታረቅቁ ልጆቼ፣ ለተቃዋሚ ስም እንድታወጡ በታዘዛችሁ ቀን ይህን ክፍል እንደገና አንብቡት።

በሱካርኖ ቦታ የተተካው ጄኔራል ሱሃርቶ ተናጋሪ አልነበረም። ዓመታዊውን የኦገስት 16 ንግግር ከወረቀት፣ ድምፁን ሳይለዋውጥ ያነብ ነበር፤ ከሱካርኖ በኋላ ግን ያ ድርቀት ራሱ መልእክት ነበረው፦ ጩኸቱ አብቅቷል፣ ሥራ ተጀምሯል የሚል። የቀደመውን ዘመን «አሮጌው ሥርዓት» የራሱን «አዲሱ ሥርዓት» ብሎ ሰየመ። ወንድምነቱም ቀርቶ አባትነት መጣ፤ «ፓክ ሃርቶ»፣ ማለትም አባት ሃርቶ፣ ሆነ፤ በ1983ም ምክር ጉባኤው «የልማት አባት» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ከወንድም ጋር ይከራከራሉ፤ አባትን ግን ያመሰግናሉ፣ ቢበዛ ይለማመጣሉ። የጃቫ ገጠር ልጅ በመሆኑ የግሶችን መጨረሻ «ካን» በማለት ፈንታ «ኬን» ሲል፣ ከጃቫ ያልሆኑ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ «ኬን» ማለት ጀመሩ። ያኔ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ማን ሹመት እንደሚፈልግ በጆሮዬ ብቻ መለየት የምችል ይመስለኝ ነበር።

ዋናው ቃል «ፔምባንጉናን» ነበር፣ ልማት። ሥሩ መንቃትንና ከተኙበት መነሣትን የሚያመለክት ሲሆን፣ በሱሃርቶ ዘመን ትርጉሙ ወደ መንገድ፣ ግድብ፣ ትምህርት ቤትና ሩዝ ጠበበ። ለፍትሕ ስል ደግሞ ቃሉ ባዶ እንዳልነበረ መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ኤፕሪል 1 ቀን 1969 ተጀመረ፤ ሩዝ በብዛት ከውጭ ታስገባ የነበረችው አገርም በ1984 ራሷን ቻለች። ሰዎች «ልማት» የሚለውን ቃል የተቀበሉት ሳህናቸው ላይ ስላዩት ነው። ያው ቃል ግን ሌሎቹን ቃላት ዋጣቸው፦ ምርጫ «የዴሞክራሲ ድግስ» ተባለ፣ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ቢያጉረመርም የልማት እንቅፋት ሆነ። ሱካርኖ ሁሉን ለመሰብሰብ የከፈተው ፓንቻሲላ በ1985ቱ ሕግ ማንኛውም ድርጅት እንደ ብቸኛ መሠረቱ እንዲቀበለው የተገደደበት አጥር ሆነ። እኔን ያሳሳተኝ ሰዋስውም ከዚህ የመጣ ነው። ተማሪው «ይታሰራል»፣ ዋጋው «ይስተካከላል»፣ መንደሩ «ይነሣል»፤ አሳሪው፣ አስተካካዩና አንሺው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉም። ጥሩው ነገር ሲመጣ ግን ባለቤቱ ወዲያው ይገኛል፦ አባት። የማንኛውንም መንግሥት መግለጫ ስታነቡ ባለቤት የሌላቸውን ግሶች አስምሩባቸው፤ ከእኔ የሥራ ልምድ ውስጥ ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ከዚያ የ1997ቱ ቀውስ መጣ። 2,400 ገደማ ሩፒያ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጃንዋሪ 1998 ከ10,000 በላይ ሆነ፤ ልማት የሚለው ቃልም በሳህን ላይ የሚታይ መሆኑ አበቃ። ተማሪዎቹ ያደረጉትን በቅርብ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም አደንቀዋለሁ። «ካ ካ ኤን» የሚለው ምኅጻር ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው ሕዝብን የሚያገለግሉበት የዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብር ስም ነበር፤ እነርሱ ሙስና፣ መመሳጠርና ዘመድ አዝማድ የሚሉትን ሦስት ቃላት ሰጥተውት የሥርዓቱ የክስ ቻርጅ አደረጉት። ሱሃርቶ በመጨረሻው ሰዓት የእነርሱን ቃል ለመዋስ ሞከረ፤ ሜይ 19 የ«ሪፎርማሲ»፣ ማለትም የተሐድሶ፣ ኮሚቴ አቋቁማለሁ አለ፤ በማግስቱ ግን አሥራ አራት ሚኒስትሮች በአዲሱ ካቢኔ እንደማይገቡ ጻፉ። ሜይ 21 ቀን 1998 ማለዳ፣ በዚያው በማይለዋወጥ ድምፅ፣ ሥልጣኑን መልቀቁን አነበበ። የመረጠው ግስ «በርሄንቲ» ነበር፣ «ማቆም»። ለሠላሳ ዓመት ያህል ባለቤት የሌለው ግስ ሲሠራበት የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ «እኔ» ብሎ ጀምሮ አቆማለሁ አለ።

ስለ ኋለኞቹ ባጭሩ ልበል። ጆኮ ዊዶዶ በ2014 በ53 በመቶ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ይዞት የመጣው አነጋገር ከመናገር ይልቅ መገኘት ነበር፦ «ብሉሱካን»፣ ማለትም ሳይጠበቁ በጠባብ መንደርና በገበያ ውስጥ ገብቶ መዞር፣ ካቢኔውንም «የሥራ ካቢኔ» ብሎ መጥራት። ሥራን ቃሉ ያደረገ መሪ በአስፋልት ይመዘናል፤ መንገዱም ተሠራ። በኦክቶበር 2023 ግን፣ የእህቱ ባል በሚመራው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የ36 ዓመቱ ልጁ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት መወዳደር ቻለ፤ መንገደኛውም ፍርድ ቤቱን «የቤተሰብ ፍርድ ቤት» ብሎ ሰየመው። የእኔ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ላይ ተደናቅፏል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቀልዱ በአገሩ ሁሉ ቢዞርም ልጁና ለፕሬዚዳንትነት የቀረበው ፕራቦዎ ሱቢያንቶ በ2024 በመጀመሪያው ዙር በ58 በመቶ አሸነፉ። ፕራቦዎ በ2014ና በ2019 በቁጣ ንግግር ተወዳድሮ ተሸንፎ ነበር፤ በሦስተኛው ግን የቀድሞው ጄኔራል በቲክቶክ እየጨፈረ «ጌሞይ» ተባለ፣ እኛ ድንቡሽቡሽ እንደምንለው። ወጣት መራጮች 1998ን አላዩትም። ትዝታ የሌለው ጆሮ የቃልን ዕዳ እንዴት ሊቆጥር ይችላል?

ከጃካርታ ጀምሮ የማልለየው አንድ ደብተር አለኝ። ገጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በግራ አንድ መንግሥት አንድን ቃል ዋና መደገፊያው ያደረገበትን ቀን፣ በቀኝ ደግሞ ያው ቃል በመንገድ ላይ ተገልብጦ የሰማሁበትን ቀን እጽፋለሁ። «ፔምባንጉናን» አጠገብ የቀኙ ዓምድ ለረጅም ዓመታት ባዶ ነበር። በ2045 ኢንዶኔዥያ ወርቃማ ትሆናለች የሚለውን «ኢንዶኔዥያ ኤማስ» የተባለ መፈክር ግን ገና በጻፍኩት ሰሞን፣ ከፊቱ አንድ ፊደል ጨምረው «ቼማስ» ብለው ሥጋት አደረጉት፤ በፌብሩዋሪ 2025 ሰልፈኞች «ጨለማዋ ኢንዶኔዥያ» ብለው ወጡ። በዚያው ዓመት ኦገስት፣ የፓርላማ አባላት በወር 50 ሚሊዮን ሩፒያ የቤት አበል እንደሚያገኙ ተሰምቶ ቁጣው ሲነሣ፣ በግራ የጻፍኩት ቃል «ዋኪል» ነበር፦ የሕዝብ ወኪል፣ ከእኛው ቃል ጋር አንድ የሆነው። የቀኙን እስካሁን አልሞላሁትም።