«ችግኝ ተከልን፣ ነጥብ ተሰጠን»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመምህርነት ሥልጠናና በአገልግሎት መማር

ጥያቄ፦ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የአማርኛ ንባብና ጽሕፈት ማስተማሪያ ዘዴ አስተምራለሁ። ኮርሱን ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጋር አያይዝ ተብዬ ባለፈው ሴሚስተር 48 ሰልጣኞቼን አንድ ቅዳሜ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። ግቢ አጸዱ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ሪፖርት ጻፉ፤ 10 ነጥብ ያዝኩላቸው። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ይህ በእርግጥ በአገልግሎት መማር ነው? ከፕራክቲከምስ (ሰልጣኞች ክፍል ገብተው ከሚያደርጉት የማስተማር ልምምድ) በምን ይለያል? (መምህር፣ ከወሎ)

መልስ፦ ልብዎ እውነቱን ነው። ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሰልጣኞችዎ ስለ ንባብ አንዲት ነገር ሳያውቁም ሊተክሉት ይችላሉ። አገልግሎቱን ከኮርሱ ላይ ቢያነሱት ኮርሱ የሚጎድልበት ነገር ከሌለ፣ ሰልጣኞቹ አገልግለዋል እንጂ በአገልግሎቱ አልተማሩም። ፕራክቲከም ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል፤ ትምህርት ቤቱ ክፍሉን ያውሳል፣ በዋናነት የሚጠቀመው ሰልጣኙ ነው። በአገልግሎት መማር ላይ ግን ሥራውን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ሲሆን፣ ሰልጣኙ ኮርሱን የሚማረው ያንን ሥራ በደንብ ለመሥራት ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኛዎቹም የሚመደቡት ለአስተማሪነት ነው። ያ ግን ከኮርስ ውጭ ራሱን የቻለ ዓመት ነበር። እርስዎ የሚያስፈልግዎ በአንድ ኮርስ ውስጥ የሚገባ፣ ትንሽ ነገር ግን የማይቋረጥ ሥራ ነው።

ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድመው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ። «ምን እንርዳችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ወንበር፣ ቀለምና ኳስ ይሆናል። የ2ኛና የ3ኛ ክፍል መምህራንን «ከክፍላችሁ ማንበብ ያቃታቸው እነማን ናቸው? የሚቸገሩትስ ምኑ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ስምምነቱን በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ስንት ልጆች፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ቁልፉ በማን እጅ። የቁልፉን ነገር እንደ ቀላል አይዩት። ዘበኛው ገበያ ወጥቶ ሰልጣኞችና ልጆች ደጅ የሚቆሙበት ቀን ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ፣ ሦስተኛው ላይ ልጆቹ አይመጡም።

48 ሰልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው 24 ጥንድ ናቸው። ለአንድ ጥንድ 4 ልጆች ይበቃሉ፤ በጠቅላላው 96 ይሆናሉና በሁለት ትምህርት ቤቶች ይክፈሏቸው። ከኮሌጁ በእግር ከግማሽ ሰዓት የማይርቁትን ይምረጡ፤ የትራንስፖርት በጀት የጠበቀ ሥራ በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል። ሰዓቱን በተመለከተ፣ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ያለው ኮርስ 135 የሥራ ሰዓት ይይዛል። ከዚያ 24 ሰዓት ይውሰዱ፦ 4 ለዝግጅት፣ 2 ለመነሻና ለመድረሻ ምዘና፣ 12 ከልጆቹ ጋር (በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት)፣ 6 ለሪፍሌክሽን (ሰልጣኙ ከልጆቹ ጋር ስለሠራው ለሚጽፈው ማሰላሰያ)። ይህን ሁሉ በነበረው አሳይመንት ላይ አይደርቡት፤ አንዱን የቡድን ሥራ አውጥተው በምትኩ ያስገቡት። ሲደረብ ሰልጣኙ ሥራውን ይጠላዋል፣ ጥላቻውም ልጆቹ ላይ ያርፋል።

በነጥብ አሰጣጡ ላይ አንድ አጥብቀን የምንለው ነገር አለ። ለልጆቹ መሻሻል ነጥብ አይስጡ። ከሰጡ የመድረሻ ምዘናው ቁጥር በጥንቃቄ የተፈበረከ ይሆናል። ለመገኘት ብቻም አይስጡ። ከ100 30 ቢይዙ፣ 10ሩ ለምዘና መዝገቡ፣ 12ቱ ለሪፍሌክሽን፣ 8ቱ ለርክክቡ (በመጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ለሚሰጠው ወረቀት) ይሁን። በዚህ መንገድ ልጁ ባይሻሻልም እንኳ፣ ለምን እንዳልተሻሻለ በትክክል የጻፈ ሰልጣኝ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ 4 የ3ኛ ክፍል ልጆች ደርሰውናል። ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በቃላቸው ይወጡታል፤ መጽሐፍ ሲከፈት ግን አንዲት ቃል አያነቡም። ሪፍሌክሽናችንም «ጥልቀት ይጎድለዋል» እየተባለ ይመለስብናል። (ሰልጣኝ፣ ስሜና ኮሌጄ አይጠቀስ)

መልስ፦ ልጆቹ የሚያውቁት ዜማውን ነው። «ሀ ሁ ሂ» በቅደም ተከተል ሲባል ጆሮ ዓይንን ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ 40 ፊደላት በ8 መስመር፣ በየመስመሩ 5፣ አዘበራርቃችሁ ጻፉ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አንድ ደቂቃ አስነብቡት። ሲሳሳት የኤክስ ምልክት ብቻ አታድርጉ፤ ያለውን ድምፅ ከፊደሉ ሥር ጻፉ። ትልቁ ቁም ነገር እዚያ ላይ ነው። «ቡ»ን «ቢ» ካለ «በ»ን ያውቃል፣ ያልያዘው ቅጥያውን (ድምፁን የሚለውጠውን ጭረት) ነው። «ቡ»ን «ሱ» ካለ ደግሞ ቅጥያውን ያውቃል፣ የሳተው ፊደሉን ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ቅጥያው ላልገባው ልጅ «በ»ን በሰፊው ጽፋችሁ እግሮቹን በጣቱ ይከተል። ቡ ላይ ቅጥያዋ ከቀኝ እግር ወገብ ላይ ናት፣ ቢ ላይ ከእግሩ ግርጌ ትወርዳለች፣ ቤ ላይ ግርጌዋ ቀለበት ትሆናለች። ቀጥሎ ሱ፣ ሲ፣ ሴን ያሳዩት፤ ቦታው አንድ መሆኑን ራሱ ሲደርስበት ፊቱ ይነግራችኋል። ሳድስ ግን ወጥ መልክ የለውም። «ብ»፣ «ር»፣ «ም»ን ጎን ለጎን ብትጽፉ ትረዱታላችሁ። «ቤት» እና «ልጅ» ለእኛ ቀላል መስለው ጀማሪውን የሚያስቸግሩት አንድም በዚህ ነው። መጀመሪያ «በ»፣ «ለ»፣ «ሰ»፣ «መ»፣ «ተ»ን በግዕዝና በካዕብ ብቻ ያዙ። ከእነዚህ 10 ፊደላት «በሉ»፣ «ሰሙ»፣ «መቱ»፣ «ተሰሙ» ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ቃል ያነበበ ልጅ በሁለተኛው ቀን ሳይጠራ ይመጣል።

45 ደቂቃውን እንዲህ ተጠቀሙበት፦ 5 ክለሳ፣ 15 ፊደል፣ 15 ቃል ማንበብና መጻፍ፣ የመጨረሻው 10 እናንተ ተረት የምታነቡላቸው። ሰዓት ሲያጥር የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ተረቱ ነው፤ እባካችሁ አታስቀሩት። የልጁ የቤት ቋንቋ አማርኛ ካልሆነ ደግሞ ቃሉን ከማስነበባችሁ በፊት ትርጉሙን ማወቁን ጠይቁ። የማያውቀውን ቃል ቢያነበውም ማንበቡን ሊያውቅ አይችልም።

ስለ ሪፍሌክሽኑ፣ መምህራችሁ የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳይፈልግ የሚቀር አይመስለንም፦ ልጁ ምን አደረገ? የትኛው የኮርሱ ርዕስ ያብራራዋል? ሐሙስ ምን እንለውጣለን? «ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ብዙ ተምረናል» የሚለው አንዱንም አይመልስም። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከ10 ቃላት 6ቱን የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ ገመተ፤ ‹ሰሙ›ን ‹ሰማ› አለ። ቃሉን በወረቀት ሸፍነን ፊደል በፊደል ስንገልጥለት ከ6ቱ 4ቱን አስተካከለ። ሐሙስ ሽፋኑን እሱ ራሱ ይያዘው።» ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ግን በዚያው ቀን ይጻፍ። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ይጠፋል፣ የሚቀረው ስሜቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ይመጡና «ፈተና ደረሰብን» ብለው ይጠፋሉ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ዘንድሮ ብከለክላቸው አጠፋሁ ይባላል? (ርዕሰ መምህርት)

መልስ፦ አያጠፉም፤ መብትዎ ነው። ከመከልከልዎ በፊት ግን ኮሌጁን አራት ነገር ይጠይቁት። የመጨረሻው ቀን በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ ይነገር፤ ከኮሌጁ የፈተና ሳምንት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም። ልጆቹ ከመደበኛ ክፍለ ጊዜ አይውጡ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ከፈረቃቸው መግቢያ በፊት ወይም መውጫ ላይ ይሁን፣ ቤታቸው ከደረሱ በኋላ ተመለሱ ማለት አይሆንም። ሰልጣኝ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን፣ ፎቶም አያንሳ። አራተኛው ርክክቡ ነው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት፣ ላዩ ላይ የመነሻና የመድረሻ ምዘናው፣ የያዛቸው ፊደላት፣ ያልያዛቸው፣ የሠራለት ዘዴ። ወረቀቱ ከቢሮዎ ፋይል በፊት ለክፍሉ መምህር ይድረስ፤ መምህሩም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልጆቹን ራሳቸው የመረጡ ይሁኑ። ያለዚያ ሰልጣኞቹን እንደ ተቆጣጣሪ ያዩዋቸዋል፣ ወረቀቱም ሳይነበብ ይቀራል።