ስካነሩን ምን ልትሠሩበት ገዛችሁት? ጥያቄና መልስ

የምሠራው አዲስ አበባ መሃል ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲጂታል ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ቅጂ መብት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ።

ከአራት ኪሎ፦ መጽሐፉ የእናንተ ነው። ስካን አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለቁት ምን አለበት?

ወረቀቱ የእኛ ነው፤ የማባዛት መብቱ የደራሲው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። «ገበያ ላይ የለም» ማለት «ባለቤት የለውም» ማለት አይደለም።

ከስድስት ኪሎ፦ ታዲያ ስካነሩን ለምን ገዛችሁት?

ያው አዋጅ በር ትቶልናል። ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ፣ የጠፋ ወይም የተበላሸ መጽሐፍ በአግባቡ ገዝተን መተካት ካልቻልን ቅጂ ማዘጋጀት እንችላለን። ለጥናት ለሚፈልግ ሰውም አጭር ክፍል እንሰጣለን። ዛሬ ምዕራፍ አንድን፣ ነገ ሁለትን፣ ከነገ ወዲያ ሦስትን የሚጠይቅ አለ። ዘዴዋን እናውቃታለን!

ሥራው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአሮጌ መጽሐፍ ሙጫ ደርቋል፤ ስካነር ላይ ደፍታችሁ ብትጫኑት ጥርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በግማሽ ከፍተን ከላይ በካሜራ እናነሣዋለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ሲለቅም «ለ»ን «ሰ» ይለዋል። ሰው ቁጭ ብሎ ካላረመው መጽሐፉ ኮምፒውተር ውስጥ እያለ ቢፈለግም አይገኝም።

ከካዛንቺስ፦ ኢ-ቡክ ገዝታችሁ ለምን አትገላገሉም?

ብዙው ግዢ ሳይሆን ኪራይ ነው። ሃርፐር ኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሰ ፈቃዱ እንዲያበቃ ወስኖ ብዙ አስጮኸ። የወረቀቱን እኮ ሽፋኑ እስኪገነጠል እናውሰዋለን።

ከፒያሳ፦ ዓይነ ስውር ነኝ። ለእኔም ይኸው ክልከላ ነው?

አይደለም። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች። ስምምነቱ ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች መጽሐፍ በብሬይል ወይም በድምፅ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ ይፈቅዳል። ይምጡ፣ መብትዎ ነው።

ከአምባሳደር፦ ቻትቦት ሥራችሁን አይነጥቃችሁም?

ለጊዜው ጨመረልን። ተማሪዎች ቻትቦት የፈጠረውን የመጽሐፍ ርዕስ ይዘው ይመጣሉ፤ የሌለ መጽሐፍ ስንፈልግ እንውላለን።

ከለገሃር፦ አባቴ የጻፈውን መጽሐፍ በነጻ ልሰጣችሁ እፈልጋለሁ። እሱ በሕይወት የለም።

ነፍስ ይማር። በደስታ እንቀበላለን፤ የወራሽነት ማስረጃና የሁሉንም ወራሾች ፊርማ ይዘህ ና። ከወንድምህ ጋር ከተኳረፍክ መጀመሪያ ታረቁ።