ዓሣዎቹ በአንድ ሌሊት ለምን አለቁ? መርዝ ከማለታችን በፊት ሰዓቱን እንይ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ወንዙ ባሕር ውስጥ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በሺህ የሚቆጠር ዓሣ በአንድ ሌሊት አልቆ ዳርቻውን ሞልቶት አድሯል። የአካባቢው ሰው «መርዝ ተለቀቀብን» ይላል። ከሰዓት በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ግን ለክተው «ኦክስጅኑ ከበቂ በላይ ነው፣ 12 ሚሊ ግራም በሊትር» ብለው ሄደዋል። ውሃው ሰሞኑን ወደ አረንጓዴ ማድላቱንም ጽፈሻል።

ለዓመታት የወንዝ ውሃ ናሙና ስሰበስብ ስለቆየሁ እንዲህ ባለ ጠዋት ላይ ደጋግሜ ተገኝቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ያ 12 የሚለው ቁጥር የሚያረጋጋ እንዳልሆነ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

28 ዲግሪ የሞቀ ጨው አልባ ውሃ ከአየር ጋር ተመጣጥኖ የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፤ ጨው ሲቀላቀልበት ከዚያም ያንሳል። ታዲያ 12 ከየት መጣ? ከአልጌው ነው፣ ውሃውን አረንጓዴ ከሚያደርገው በውሃ ውስጥ ከሚበቅል ደቃቅ ነገር። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን እያመረተ ውሃውን ከልኩ በላይ ይሞላዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቱ ይቆማል፣ መተንፈሱ ግን አይቆምም። አልጌው ራሱ፣ ዓሣው፣ ከሥር ያለውን ብስባሽ የሚበላው ባክቴሪያ ሁሉም ያንኑ ኦክስጅን ሲሻሙበት ያድራሉ። ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ከ5 በታች ሲወርድ ብዙ ዓሣ ይጨነቃል፤ ከ2 በታች ከወረደና ከቆየ አብዛኛው አይተርፍም። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ለኪ ያንን ሌሊት በፍጹም አያየውም። ከልክ በላይ ከፍ ያለ የቀን ቁጥር ካየሽ ሌሊቱ ከልክ በላይ ዝቅ ሊል እንደሚችል ገምቺ።

ባሕር አጠገብ ያለ ወንዝ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የባሕር ውሃ በጨው ስለሚከብድ ባሕሩ ሲሞላ በወንዙ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ ጨው አልባው ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል። ነፋስ ከሌለና ሙቀት ከበረታ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይሰነብታሉ። የታችኛው ከአየር ስለተቆረጠ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ከጭቃውም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መውጣት ይጀምራል። ይሄ ጋዝ በራሱ መርዝ ነው፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዝናብ ሲጥል ያ የታፈነ ውሃ ይገለበጥና ላይ ያለውን ዓሣ ያገኘዋል። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ በሚገኘው ሞቢል ቤይ፣ በበጋ ሌሊቶች ይህን የሚመስል ነገር ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃ ወደ ዳር ሲገፋ ሸርጣኑም ዓሣውም ከፊቱ እየሸሸ ንጋት ላይ ዳርቻው ላይ ይታጨቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው፦ ሸርጣኖቹ የት ነበሩ? ኦክስጅን ያለቀበት ቦታ ንጋት ላይ ስደርስ በመጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ከውሃው ወጥተው በሥሮችና በድንጋዮች ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ባትሪ ብታበሪባቸውም አይሸሹም። በሕይወት ያለው ዓሣ ደግሞ አፉን ከውሃው ወለል ላይ አውጥቶ የላይኛውን ስስ ውሃ ይጎነጫል፣ ውሃው ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትልልቆቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ ትንንሾቹ ያቺ ስስ ውሃ ስለምትበቃቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ። የሞቱትም አብዛኛውን ጊዜ አፋቸው ተከፍቶ፣ የመተንፈሻቸው ክዳን ተገልጦ ይገኛሉ።

መርዝ ሲሆን መልኩ ይለያል። ሰዓት አይመርጥም፤ በቀትርም ይገድላል። ትንሽ ትልቅ አይልም፣ እንዲያውም ትንንሾቹ ቀድመው ያልቃሉ። ዓሣው ሲሽከረከር፣ ሲንቀጠቀጥ፣ በጎኑ ሲዋኝ ይታያል። አንዳንድ ፀረ ተባዮች፣ በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት፣ ከዓሣው በፊት ሽሪምፕና ሸርጣን ይጨርሳሉ። ሞቱም ከአንድ ቦታ ጀምሮ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደህና ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ የሳንዶዝ ኬሚካል ኩባንያ መጋዘን ተቃጥሎ የእሳት ማጥፊያው ውሃ ፀረ ተባዩን ይዞ ራይን ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ ኢል የሚባለው ዓሣ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርዝመት አልቋል። ስለዚህ የሰፈርሽን ሰው ጥርጣሬ አልንቀውም። ወንዙን ተከትለሽ ወደ ላይ ውጪ፤ የመጀመሪያው የሞተ ዓሣ የት እንደሚጀምር ካገኘሽና እዚያው ቦታ የፍሳሽ ቱቦ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ባሕር ሲሞላ ውሃው ወደ ላይ እንደሚመለስና ሬሳውን እንደሚገፋው ግን አትርሺ፤ የተገኘበት ቦታ ሁልጊዜ የሞተበት አይደለም።

አሞኒያም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከፍሳሽና ከከብት እርባታ የሚመጣው አሞኒያ ጉዳቱ በውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ አሲድ ይሆናል) ላይ ይወሰናል። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ ገዳይ በሆነው መልኩ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 9 ላይ ግን ከሲሶ በላይ ይሆናል። አልጌ ደግሞ ቀን ቀን ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግዲህ ያው ፍሳሽ ጠዋት ምንም ሳያደርግ ከሰዓት በኋላ ሊገድል ይችላል ማለት ነው። ያንቺው ሞት ሌሊት ስለሆነ ይሄ ዋናው ምክንያት አይመስለኝም፣ ግን ፒኤቹ መለካት አለበት።

ውሃችሁ አረንጓዴ ሳይሆን በድንገት መስታወት የመሰለ ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ሐሳቤ ወደ አሲድ ይሄድ ነበር። ባሕር ዳር ባለ ረግረግ መሬት ውስጥ የብረትና የድኝ ውሁድ አለ። ረግረጉ ሲደርቅ ወይም ቦይ ሲቆፈርበት አየር ያገኘውና ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። አሲዱ ከአፈሩ አሉሚኒየም ያሟሟል፣ አሉሚኒየሙ ደፍራሹን አቋጥሮ ያሰጥመዋል። ሰው «ወንዙ ጠራ» ብሎ ሲደሰት ዓሣው እያለቀ ነው። ዳርቻው ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም ካየሽ አትለፊው።

መርዛማ አልጌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ በፖላንድና በጀርመን መካከል በሚፈሰው ኦደር ወንዝ ላይ ብዙ መቶ ቶን ዓሣ ሲያልቅ መጀመሪያ ብዙዎች ሜርኩሪ ጠረጠሩ። በመጨረሻ የተገኘው ፕሪምኒዚየም ፓርቩም የሚባል አልጌ ነው፤ ጨው ቀመስ ውሃ የሚወድ ነውና ከባሕር ርቆ እንዲራባ ያስቻለው ወንዙ ውስጥ የሚለቀቀው ጨዋማ ፍሳሽ ነበር። ይህን የሚለየው የላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ነው፣ ዓይን አይደለም።

የሞተው አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩትን አብዛኛውን ተይው። በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሞቱም በቀናት ወይም በሳምንታት ተራዝሞ ይታያል፣ ቁስል ይኖራል። ወይም ብዙ መንጋ ጠባብ ቦታ ገብቶ ራሱ ኦክስጅኑን ጨርሶት ይሆናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ካሊፎርኒያ ሬዶንዶ ቢች ወደብ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰርዲን ያለቀው እንዲህ ነው።

እንግዲህ የጻፍሽውን ሳየው፣ አረንጓዴ ውሃ፣ የሌሊት ሞት፣ በቀን 12፤ ግምቴ የኦክስጅን እጥረት ነው። ይህን ስል ግን «የተፈጥሮ ነው» ብላችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ይሄ ቃል በጣም ያናድደኛል፣ ፋይል ለመዝጋት ስለሚመች። አልጌው እንዲህ የሚበዛው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲበላ ነው፣ እነሱም ከማዳበሪያ፣ ከእበትና ካልታከመ ፍሳሽ ይመጣሉ። የአንድ ሌሊት መርዝ ባይሆንም የሚጠየቅ አካል አለ።

አሁን ማድረግ የምትችዪው፦ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ኦክስጅኑ ይለካ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም፣ ከሙቀቱ፣ ከጨዋማነቱና ከፒኤቹ ጋር። ናሙና ወስዶ ቤት ወስዶ መለካት ለኦክስጅን አይሠራም፣ እዚያው ነው። ለፀረ ተባይ ምርመራ ውሃውን በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ ብርሃን እንዳያገኘው ሸፍናችሁ፣ በበረዶ አቆዩት። ዓሣ የምትልኩ ከሆነ ሊሞት የሚያጣጥረው ከሁሉ ይበልጣል፤ ካልተገኘ መተንፈሻው ገና ቀይ የሆነውን ምረጡ። ነጭ የሆነውና ያበጠው ለምርመራ አይረባም። ለበሽታ ምርመራ የሚሄደው በበረዶ ላይ ይቀመጥ እንጂ ራሱ በረዶ ሆኖ አይጠጥር፤ ለኬሚካል የሚሄደውን ግን በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝ ይቻላል። ጓንት አድርጉ፣ ማንም አንስቶ እንዳይበላው፣ ከብቶችም እንዳይጠጡ አድርጉ። ዳር ቆመው የሚያስላቸው ወይም ዓይናቸውን የሚያቃጥላቸው ሰዎች ካሉ ቶሎ ይራቁ፤ አንዳንዱ የባሕር አልጌ መርዙ በነፋስ ይመጣል።

የንጋቱን ቁጥር፣ የሞቱትን ዓይነቶችና ስለ ሸርጣኖቹ ያየሽውን እዚሁ ጻፊልን፤ ከዚያ ቀጥሎ የትኛው ምርመራ ገንዘብ እንደሚገባው አብረን እናያለን።