ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ሐይቅ ይሻላል?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ዓሣ ማጥመድ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ አሜሪካኖች ባስ የሚባል ዓሣ በፕላስቲክ ትልና በሚያብለጨልጭ ብረት ሲይዙ አያለሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ዘንግና አንድ ሳጥን ሙሉ ሰው ሠራሽ ማታለያ ልኮልኛል። ሁለት ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባስ ያለው የትኛው ሐይቃችን ውስጥ ነው? (አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ባስ (አውቶቡሱን አላልንም) የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በአካባቢያችን ስሙ የሚነሳው ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ከአሜሪካ አምጥተው የለቀቁት ነው። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ደርሰው በሚመለሱባቸው ሐይቆች የሚያገኙት ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ባርበስና ካርፕ ነው።

ባዶ እጅዎን የተመለሱት በዘንጉ ጥፋት አይደለም። ባስ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ አዳኝ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይዘላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ቆሮሶ ግን ዋና ምግቡ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ አልጌ ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት በአጠገቡ ቢያልፍ ይሸሻል እንጂ አይከተልም። ሳጥኑን ለባርበስ ያቆዩትና ለቆሮሶ እንዲህ ያድርጉ።

አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ውኃ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም ይሹ። ትንሽ የተባዘተ ጥጥ አብረው ቢያሹበት ሊጡ መንጠቆው ላይ ይቆያል፤ ያለ ጥጥ ውኃ ውስጥ በ2 እና በ3 ደቂቃ ሟምቶ ባዶ መንጠቆ ሲጠብቁ ይውላሉ። መንጠቆው ከ8 እስከ 12 ቁጥር ይሁን። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለውና ትልቁን ገዝቶ ይመጣል። የቆሮሶ አፍ ጠባብ ነው። ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ሊጡ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ከተንሳፋፊው (ክሩ ላይ ከሚታሰረው ቡሽ) እስከ መንጠቆው ያለው ርቀት ከግማሽ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል ይሁን።

ሩቅ አይወርውሩ። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ዳርቻው ቁልቁል ነው፤ ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል። ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ኦክሲጅን ስለሚያልቅ ቆሮሶው የሚውለው ዳር ባለችው ጠባብ ገመገም ላይ ነው። 30 ሜትር የወረወረ ሰው ዓሣውን አልፎት ሄዷል ማለት ነው። ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ በእፍኝ በየ10 ደቂቃው አንድ ቦታ ላይ ይበትኑ። ተንሳፋፊው ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር በእጅ አንጓ ብቻ ቀስ ብለው ያንሱ። በትከሻ ከሳቡት ከንፈሩን ቀዶ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ መኪና አለን፣ አራት ሆነን በወር አንድ ጊዜ እንወጣለን። ሐይቆቹን በደረጃ አስቀምጡልን። (የፒያሳ ጓደኛሞች)

መልስ፦ ደረጃው በምን ዓይነት ዓሣ እንደምትፈልጉ ይለያያል። ቢሆንም የእኛን ፍርድ ከጠየቃችሁን፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ አንደኛው ዝዋይ (ደምበል) ነው። ባቱ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ብትነሱ ፀሐይ ስትወጣ ዳር ላይ ናችሁ። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጭቃውን ከስር ያነሳና ውኃው ይደፈርሳል፣ ማዕበሉም ለትንሽ ጀልባ አይመችም። ማጥመድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጉላሽ ነው። ጀልባ ከተከራያችሁ ተንሳፋፊ ጃኬት ለእያንዳንዳችሁ መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ። እንቦጭ ባለበት በኩል ደግሞ መንጠቆ አትጣሉ፤ ሥሩ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል።

ቅድም ያቆየነው የማታለያ ሳጥን የሚከፈተው እዚህ ነው። ባርበስ ትንንሽ ዓሣና ነፍሳትም ስለሚበላ የሚሽከረከር ትንሽ ብረት ይከተላል። የመቂና የካታር ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚገቡበት አካባቢ ከዳር ወደ ዳር መጣል ነው። ብረቱ ከ5 እስከ 10 ግራም፣ ክሩ 0.28 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የባስ ቪዲዮ ላይ የምታዩትን ዓይነት ትግል ከፈለጋችሁ ለከተማችን ቅርቡ እሱ ነው። በክረምት ግን ወንዞቹ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ዓሣው ብረቱን አያየውም፤ በዚያ ወቅት ወደ ትል ተመለሱ።

ቆቃ ቅርብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የአዋሽ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ሲሆን ካርፕ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ለካርፕ ከበቆሎ ንፍሮ የሚበልጥ ምግብ አያስፈልግም፤ ሦስት ፍሬ በ6 ቁጥር መንጠቆ፣ ክሩ 0.35፣ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ከስር እንዲያርፍ። ካርፕ ምግቡን ይስብና ይተፋል፣ እንደገና ይስባል፤ በመጀመሪያው ንቅናቄ አትሳቡ፣ ክሩ ተወጥሮ መሄድ ሲጀምር ነው። አዞም ጉማሬም ስላለበት እግር ነክሮ መቆም የለም።

ላንጋኖ ለቤተሰብ ነው። ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ ልጆች ይዋኛሉ፣ እናንተ ታጠምዳላችሁ። ውኃው ወተት የገባበት ሻይ ስለሚመስል በዓይን የሚታይ ማታለያ አይሠራም፤ የሚሸት ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደር ይጠይቃል። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባ አመጣጥ አይቶ እነሱ ካልደረሱበት ዳር መጣል ጥሩ ዘዴ ነው። እዚያ ቦርሳችሁን ክፍት አትተዉ፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ዓሣውን ከእጃችሁ ስር ይወስደዋል።

ጫሞን ከደረጃው ያወጣነው ስለሚያንስ ሳይሆን ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ነው። ናይል ፐርች የሚያዘው እዚያ ነው፤ ለእሱ በጀልባ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር፣ በ0.60 ክር እንጂ ለቆሮሶ በገዛችሁት ዘንግ አይኬድም። እዚያው ያለው ጥርሳሙ ታይገርፊሽ ደግሞ ናይለን ይቆርጣል፤ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ሽቦ ያስፈልጋል። የሐይቁ አዞዎች ብዛት ስላለው ማጥመጃውን ለመፍታት ብላችሁ ውኃ ውስጥ እንዳትገቡ።

አቢጃታና ሻላ ላይ ዘንግ ይዛችሁ አትድከሙ። የአቢጃታ ውኃ እየቀነሰ ጨዋማነቱ ስለጨመረ ዓሣው አልቋል፤ ሻላም ሶዳ የበዛበት ነው። ለወፍ ማየት ግን ሂዱ።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ተወደደ። አባ ሳሙኤል ከአቃቂ አልፎ ቅርብ ነው፣ ለምን አትጠቅሱትም? (ከለገሃር)

መልስ፦ የከተማችን ወንዞች የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ይዘው የሚወርዱት ወደዚያ ስለሆነ ነው። ከባድ ብረቶች ዓሣው ሥጋ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ መጥበስም መቀቀልም አያወጣቸውም። ዓሣው ይያዛል፣ አይበላም።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹ ሁልጊዜ ቋጠሮው ላይ በጥሰው ያመልጡኛል። ክሩ መርካቶ የተገዛ 4 ኪሎ የሚችል ነው። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

መጀመሪያ ክሩን። ናይለን ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ከከረመ ይደርቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሁለት እጅዎ ላይ ጠምጥመው በድንገት ይሳቡት፤ ሳይለጠጥ ቷ ብሎ ከተቆረጠ ጥቅሉን ይጣሉት። እጅዎን ጨርቅ ያልብሱት፣ ይቆርጣል።

ቀጥሎ ቋጠሮውን። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠምጥሙ፣ ጫፉን መልሰው ከዓይኑ አጠገብ በተፈጠረችው ቀዳዳ ያስገቡ፣ ከዚያም በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ። ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ በደረቁ ሲጠብቅ ክር ከክር ተፋትጎ ይሞቃል፣ ናይለኑም በዚያች ነጥብ ይደክማል። ጫፉን 3 ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ። እንደ ጫማ ማሰሪያ የታሰረ ቋጠሮ ግን ቢረጥብም አያዋጣም።

መጨረሻ የማሽከርከሪያውን ፍሬን። 4 ኪሎ በሚችል ክር ላይ ፍሬኑ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ሲሳብ ክር መልቀቅ አለበት። የሚለካው በሱቅ ሚዛን መንጠቆ ወይም 1 ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥሎ ነው፤ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ካወረደው ልክ ነው። ጨርሶ የጠበቀ ፍሬን ላይ አምባዛ አንድ ጊዜ ጭራውን ሲመታ የሚበጠሰው ደካማው ቦታ፣ ማለትም ቋጠሮው ነው።

ጥያቄ፦ አምባዛ ማታ ይሻላል ይባላል። ጉማሬውስ? (ከአራዳ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ አምባዛ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት ጀምሮ ነው፤ የሚፈልገውም በዓይን ሳይሆን በማሽተትና በሪዙ ነው። የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ 2/0 የሚባለው ትልቅ መንጠቆ፣ 0.45 ክር፣ ምግቡ መሬት ላይ ያረፈ። ችግሩ ጉማሬም ከውኃ ወጥቶ ሣር የሚግጠው በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። ሣሩ የተረገጠበትና ወደ ውኃ የሚወርድ ሰፊ መንገድ ካዩ እዚያ አይቀመጡ፤ ጉማሬ ወደ ውኃ መመለሻው ላይ የቆመን ሰው አያልፍም። ከመዝናኛ ቦታዎች የድንጋይ ወይም የእንጨት መድረክ ላይ፣ ጠባቂ ባለበት፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢያጠምዱ ይበቃል።

አምባዛውን ሲይዙት የጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ይወጋል፤ ከኋላ በኩል በጨርቅ ይያዙት። አየር መተንፈስ ስለሚችል ሞተ ብለው ቦርሳ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ሞጆ ላይ ሊነሳ ይችላል።

ለቢልሃርዚያ ደግሞ፣ ከላንጋኖ በስተቀር በሌሎቹ ሐይቆች ሣር ያለበት ዳር ላይ በባዶ እግር አይቁሙ። ተውሳኩን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ተውሳኩ ወደ ውኃው በብዛት የሚወጣውም እኩለ ቀን አካባቢ ነው። የጎማ ቦት ጫማ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለጾሙ የያዝኩት ዓሣ ቤት ሲደርስ ይሸታል። በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የማመጣው። (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ላስቲኩ ነው ያበላሸው፤ ሙቀቱንም ፈሳሹንም ይዞ ያስቀረዋል። ዓሣው እንደተያዘ ጭንቅላቱን መትተው ይግደሉት፣ ስንጥቡን ቆርጠው ደሙን ያፍስሱ፣ ሆድ ዕቃውን እዚያው ያውጡ። ሐሞቱ እንዳይፈስ ቢላውን ወደ ውስጥ አይስደዱ፤ ከፈሰሰ ሥጋው ይመራል። ከዚያ በበረዶ ሣጥን ውስጥ አንድ ረድፍ የተፈጨ በረዶ፣ አንድ ረድፍ ዓሣ። ልኩ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ነው። ሣጥኑ ከስር ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፤ በቀለጠ በረዶ ውስጥ የተዘፈቀ ዓሣ ሥጋው ይላላል። ጥሬውን ለብለብ እያሉ የሚበሉ አሉ፤ የስምጥ ሸለቆ ዓሦች ሆድ ዕቃና ሥጋ ውስጥ ትሎች ስለሚገኙ በደንብ ይብሰል።

ቆሮሶ ከማረድዎ በፊት አፉን ከፍተው ይመልከቱ። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን የምታቅፈው በአፏ ነው፤ እንደዚያ ከሆነች ሳያርዷት ወዲያው ትመለስ። ከአንድ ስንዝር የሚያንሱትንም ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ የባስ ጫጩት ከኬንያ አስመጥተን ቢሾፍቱ ብንለቅስ? (ከካዛንቺሱ አንባቢ፣ በድጋሚ)

መልስ፦ አይሆንም። ያለ ፈቃድ ባዕድ ዓሣ ማስገባት ሕግ ያስጠይቃል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ 315/1995 አለ። ከሕጉም በላይ ባስ የቆሮሶ ጫጩት ይበላል፤ በተዘጋ ጉድጓድ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ጫጩቱ የሚሸሽበት ወንዝ የለም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች ከተለቀቀ በኋላ ብዙ የአገሬው ዓሦች ጠፍተዋል። ለመዝናኛ የሚሆን ፈቃድ የሚጠየቀው በየሐይቁ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ዝግ ስለሚሆን ዓርብ ይደውሉ።