ሚዲያን «አማካይ» ነው?

ጥያቄ፦ ለገሀር አካባቢ በሚገኝ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በሪፖርቴ ላይ «የሠራተኞች ሚዲያን ደሞዝ» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ «ምነው፣ አማርኛ ጠፋ እንዴ?» ብለው «አማካይ» በሚል አረሙት። ልክ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። «ደሞዝ» ያሉትን ለዛሬ ልለፈው። እኔ ግን «ደመወዝ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ደምም ወዝም የሚፈስበት ነገር ነውና።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። አምስት ሠራተኞች አሉ እንበል። ደመወዛቸው 9,000፣ 61,000፣ 8,000፣ 12,000 እና 10,000 ብር ነው። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሯቸው፦ 8,000፣ 9,000፣ 10,000፣ 12,000፣ 61,000። ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም ሁለት ከግራ፣ ሁለት ከቀኝ የቀሩት 10,000 ሚዲያኑ ነው። ደምረው ለአምስት ቢያካፍሉት ደግሞ 20,000 ይመጣል። እሱ ነው አማካዩ። በዚያ ቢሮ 20,000 የሚያገኝ ሰው የለም፤ አራቱ ከዚያ በታች ናቸው። አማካዩን ያሳበጠው ባለ 61,000ው ሰውዬ ነው። እሱ ነገ 200,000 ቢከፈለው እንኳ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም።

አሁን ወደ ቃሉ። «አማካይ» የወጣው «አማከለ» ከሚለው ግሥ ነው። ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ እንደሚል፣ አማከለም ል-ን በይ ለውጦ አማካይ ይላል። የአድራጊ ስም ነው። ዳርና ዳር ያሉትን ወደ መሀል የሚያመጣ፣ የሚያስታርቅ ማለት ነው። «ያልተማከለ አስተዳደር» ስንልም ይኸው ግሥ ነው። ደምሮ እኩል ለሚያካፍል ስሌት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ሚዲያን ግን ማንንም አያስታርቅም። ተራውን ጠብቆ መሀል ይቆማል፣ በቃ።

ዘሩ ከግእዙ «ማእከል» ጋር አንድ ነው። በአልፋው አ ልብ ይበሉ! ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያለው ታፔላ ሁሉ በዐይኑ ዐ «ማዕከል» ይላል። አሁን ማን ይመልሰዋል? ይሁን።

«በእግር ኳስ አማካይ የሚባለው መሀል ሜዳ ላይ የሚቆመው ነው፤ ስለዚህ አማካይ የቦታ ስም ነው» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ኳስ ያዩ አይመስለኝም። አማካይ የተባለው መሀል ስለተገተረ ሳይሆን ተከላካዩን ከአጥቂው ስለሚያገናኝ ነው። ቆሞ የሚውል አማካይ በመጀመሪያው አጋማሽ ይቀየራል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። «ሚን» የሚሉት አማካይና «ሚዲያን» ሁለቱም የመጡት ከላቲኑ «ሜዲያኑስ» ነው። አንዱ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ ትርጉማቸው ያው «የመሀል» ነው። ከአንድ እናት ተወልደው ሥራ ተከፋፈሉ። የእኛስ ቃላት ለምን አይከፋፈሉም?

ታዲያ ለሚዲያን ምን እንበል? ብዙዎች «መካከለኛ» ይላሉ። በሰዋስው አላማርርም። «-ኛ» አንደኛ፣ ሁለተኛ የምንልበት ቅጥያ ስለሆነ ድርደራውን ያስታውሳል። ችግሩ ቃሉ መያዙ ነው። መካከለኛ ገቢ፣ መካከለኛ ሸሚዝ፣ «ፈተናው እንዴት ነበር?» «መካከለኛ።» «መካከለኛ ደመወዝ» ብለው ቢጽፉ አንባቢ «ደህና ደመወዝ» ብሎ ይረዳዎታል።

እኔ የምወደው «መሀለኛ» ነው። ማስረጃ ቢጠይቁኝ ብዙ የለኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። አጭር ነው፣ «-ኛ»ውንም አልጣለም። ተማሪዎቼ ግን ይስቁብኛል። እነሱ «ሚዲያን» ይላሉ፤ መምህሩም፣ ኤክሴሉም እንደዚያው። ይህን ቃል አልወደውም። «ሚዲያን ተጠቀሙ» ሲባል ጋዜጣና ቴሌቪዥን ይሁን ስሌቱ ለመለየት ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ያስፈልጋል። ተሳቢ ሲሆን ደግሞ «ሚዲያንን አስሉ» ይላል፤ ሁለት ን ተከታትለው። ሆኖም ሰው ለምዶታል፤ በኔ ኩርፊያ አይመለስም።

እርስዎ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «መሀለኛ ደመወዝ (ሚዲያን)» ብለው ይጻፉና ከዚያ በመረጡት ይቀጥሉ። ሠራተኞቹ ስድስት ቢሆኑ፣ ስድስተኛው 14,000 ቢያገኝ፣ መሀል ላይ 10,000ና 12,000 ሁለቱም ይቆማሉ። ያኔ የሁለቱን አማካይ ወስደው 11,000 ይላሉ። አዎ፣ እዚያ ላይ «አማካይ» ይገባል። ተከራካሪዎቼ ይህችን እንደ ድል እንደሚቆጥሯት አውቃለሁ፤ ይቁጠሯት። አለቃዎ አሁንም «አማካይ» ካሉ ግን ሁለቱንም ቁጥር ጽፈው ይስጧቸውና የትኛው ሪፖርቱ ላይ እንዲወጣ እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው፤ 10,000ው ወይስ 20,000ው።