ሎሚውም ቅቤውም ይቆዩ

ጥያቄ፦ ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ክሬም) ከተቀባሁ ዛሬ 3ኛ ቀኔ ነው። ሲያቃጥለኝ «ትንሽ ቻይው፣ እየያዘልሽ ነው» ስላሉኝ ዝም አልኩ። አሁን አናቴና ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ቆዳ ተልጦ ቅርፊት ይዟል፤ ያሳክከኛል፣ ውሃ መሳይ ነገርም ይወጣዋል። እናቴ ቅቤ ልቀባሽ ትላለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ ሎሚ ያበርደዋል ትላለች። ቅዳሜ ሰርግ አለብን፤ ታጥቤ ካስክ ብገባስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሎሚውም ቅቤውም ይቆዩ፤ ካስኩም እንደዚያው።

ሪላክሰር ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይ መለኪያው) ከ12 በላይ የሚደርስ ብርቱ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሎሚ አሲድ ስለሆነ «ያበርደዋል» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ይመስለናል። ነገር ግን ክሬሙ ከታጠበ 3 ቀን አልፎታል፤ ራስሽ ላይ የቀረው ቁስል እንጂ ሪላክሰር አይደለም። በተላጠ ቆዳ ላይ አሲድ ማፍሰስ ቁስሉን እንደገና ማቃጠል ነው። ቅቤ ለደረቀ ፀጉር ማለፊያ ነው፤ ክፍት ቁስል ላይ ግን ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ለማስለቀቅም ሙቅ ውሃና ብዙ ማሸት ይፈልጋል። እናትሽን አታስቀይሚ፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሲድን ትቀባሽ።

ዛሬ ራስሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ለስላሳና ብዙ ሽታ የሌለው ሻምፑ በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺው፤ ጥፍር ሳይነካው በጣት ጫፍ ብቻ። በፎጣ አትሺው፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጭነሽ አድርቂው። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው አሟሚ፤ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ነክረሽ ቁስሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይው፣ በቀን 3 ጊዜ። ጨው ሲበዛ ይለበልባል፤ ልኩ ከተጠበቀ ግን ብዙም አይሰማሽም። በመጨረሻ ከአዲስ ዕቃ የወጣ ቫዝሊን በስሱ ቀቢው። ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ ለስልሶ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ አንቺ አትላጪው።

ቆዳው ሳይከፈት ቀልቶ የሚያሳክክሽ ቦታ ካለ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን የማሳከክ ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 ቀን ሳይበልጥ መቀባት ይቻላል። ውሃ በሚወጣው ቁስል ላይ ግን አይደረግም። መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ፣ ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ማጅራትሽ ላይ የሚያም እብጠት ካወጣሽ ወይም ፀጉርሽ በአንድ ቦታ ተመልጦ ከወደቀ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጥልቅ ቃጠሎ ጠባሳ ሲተው እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም።

ለሰርጉ? ፀጉርሽ በአየር ይድረቅ፤ ላላ አድርገሽ ወደ ኋላ ያዥው። ካስክ፣ ፔስትራና ጠበቅ ያለ ሹሩባ ቆዳው እስኪድን ይቅሩ። ሪላክሰርም ቢያንስ ለ8 ሳምንት፣ ቆዳው ካልዳነ ከዚያም በላይ።

ጥያቄ፦ የውበት ሳሎን አለኝ። አንድ ዓይነት የሪላክሰር ክሬም፣ እኩል ደቂቃ ነው የምጠቀመው፤ አንዷ ምንም አትሆንም፣ ሌላዋ ትቆስላለች። «ኖ ላይ» የሚል የተጻፈበትም ያቃጥላል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደንበኛዎ ከመምጣቷ በፊት በነበሩት 2 ቀናት ራሷን ምን እንዳደረገች ይጠይቁ። አክካ ከሆነ፣ ታጥባ ወይም ፎረፎር አራግፋ ከሆነ፣ ሹሩባዋን ትናንት ፈትታ ከሆነ ቆዳዋ በዓይን የማይታይ ጭረት አለው፤ ክሬሙ የሚገባውም በዚያ ነው። ከሹሩባ በኋላ 2 ሳምንት ይለፍ። ጭረት ካዩ ሥራውን ለሌላ ቀን ያዛውሩት፤ ደንበኛዋ ብታኮርፍም።

«ኖ ላይ» ማለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለበትም ማለት እንጂ አያቃጥልም ማለት አይደለም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ክሬም አብሮት ከሚመጣው ፈሳሽ ጋር ሲበጠበጥ ሌላ ብርቱ አልካላይ ይፈጥራል። የተረፈውን ለነገ አያስቀምጡ።

ሌላው ስሕተት ሰዓቱ ላይ ነው። ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው የመጀመሪያው ክሬም ሲነካ ነው። መቀባቱ ብቻ 20 ደቂቃ ከፈጀ መጀመሪያ የተቀባው ቦታ በጣም አልፎበታል፤ ስለዚህ ለሁለት ሆነው ይቀቡ። የግንባርና የጆሮ ዙሪያው ቫዝሊን ይቀባ፣ ክሬሙም እዚያ በመጨረሻ ይድረስ። አዲስ የበቀለውን ብቻ እንጂ ቀድሞ የለሰለሰውን አይንኩ። «እስኪያቃጥልሽ ጠብቂ» የሚለውን ልማድ ደግሞ ፈጽመው ይተዉት፤ ማቃጠል ፀጉሩ ለመለስለሱ ምልክት አይደለም፣ ቆዳው መጎዳቱን ነው የሚናገረው። ያቃጠላት ዕለት ወዲያው፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚወርድ ለብ ያለ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባም እንዲሁ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል።

የአንዳንድ ኒውትራላይዚንግ (የአልካላዩን ቅሪት የሚያጠፉ) ሻምፑዎች አረፋ አልካላይ እስካለ ድረስ ሮዝ ይሆናል። ነጭ እስኪሆን ይድገሙት፣ በተለይ ማጅራትና ከጆሮ ጀርባ፤ በማግስቱ የሚመጣ ማሳከክ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቅሪት ነው። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ በቂ ውሃ በበርሜል ሳይኖር ክሬሙን አይክፈቱ። አንድ ጀሪካን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ጥቁር የፀጉር ቀለም በተቀባሁ በማግስቱ ግንባሬ፣ ጆሮዬና የዓይኔ ቆብ አበጡ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጥቁር ሂና እጄን አቁስሎኝ ነበር። ይገናኛል? (ከሻርጃ)

መልስ፦ በጣም ይመስላል። በብዙ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ «ጥቁር ሂና» ላይም ይጨመራል። ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይሆንም። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት አይረሳውም፤ ቀጣዩም ሊብስ ይችላል። ቀለሙን በለስላሳ ሻምፑ አስለቅቂው፤ ለማሳከኩ ለአዋቂ ሴቲሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይረዳል፣ እንቅልፍ ግን ሊያመጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ፋርማሲውን ቀድመሽ ጠይቂ። ምላስሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል። ሌላ ሰው ቀለም ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ክንዱ ላይ ጥቂት ነክቶ መሞከር አለበት፤ አንቺ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሪው፣ ምርመራው ቆዳ ሐኪም ዘንድ ይደረግ።