ከቧንቧ ፍሰት ወደ ከባቢ አየር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

በምህንድስና ፍሰት ስሌት ጀምሬ አሁን የምሠራው በከባቢ አየር ሞዴል ላይ ነው። ስለ ሙያው የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ሜትሮሎጂ ሳላጠና መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። እኩልታዎቹ ያው የፈሳሽና የጋዝ እንቅስቃሴን የሚገልጹት የናቪየር-ስቶክስ ናቸው። የሚጎድልህ የምድር መሽከርከር፣ ደመናና ጨረር ነው፤ እሱም በኮርስ ይሞላል። ድንበሩ ድሮም ልል ነው፤ ጆሴፍ ስማጎሪንስኪ ሜትሮሎጂስት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣውን የተርቡለንስ (የተዘበራረቀ፣ ሽክርክሪት የበዛበት ፍሰት) ቀመር ግን ዛሬ የሞተር መሐንዲሶችም ይጠቀሙበታል።

ጥያቄ፦ ፍርግርጉን (ስሌቱ የሚካሄድባቸውን ነጥቦች መረብ) አጥብበን ትንሹንም ሽክርክሪት ሁሉ ብናሰላ የተርቡለንስ ቀመሩ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ አቅሙ የለማ! በሦስቱም አቅጣጫ ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሺ ነጥቦቹ 8 እጥፍ ይሆናሉ። ስሌቱ እንዳይፈነዳ (ቁጥሮቹ ያለ ልክ እንዳያድጉ) የጊዜ እርምጃውም በግማሽ ማጠር አለበት፤ በድምሩ 16 እጥፍ ሥራ። አየር ላይ ደግሞ ከሺህ ኪሎ ሜትር አውሎ እስከ ሚሊ ሜትር ሽክርክሪት አለ፤ ከፍርግርጉ የሚያንሱትን ቀመሩ በግምት ይተካቸዋል።

ጥያቄ፦ ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር?

መልስ፦ አዎ። ትልልቆቹ ሞዴሎች አሁንም በብዛት በእሱ ነው የተጻፉት። ፓይተን ለትንተናው።

ጥያቄ፦ ኦፕንፎምን የመሰለ ዝግጁ የፍሰት ማስሊያ ፕሮግራም እያለ የራሴን ኮድ መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግትር ነኝ። የአየር ትንበያን በስሌት የሞከረው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የግንቦት 20 ቀን 1910ን (እ.ኤ.አ.) አየር በእጁ አስልቶ ግፊቱ በ6 ሰዓት ውስጥ 145 ሄክቶፓስካል ይቀየራል የሚል ውጤት አገኘ። የእውነቱ ግፊት ግን ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። እኩልታዎቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ጉድ የሠራው የመነሻ መረጃው ነው። ነፋሱና ግፊቱ ሚዛን አልጠበቁምና ሐሰተኛ ሞገድ አስነሱ። ሰውዬው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስላሰላ ውጤቱን ከነስህተቱ በ1922 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ ላይ አወጣው። ዝግጁ ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለውን ጉድ ባማረ ቀለም አሸብርቆ ያቀርብልሃል። ባለአንድ አቅጣጫ ቀላል የፍሰት ኮድ ጻፍ፤ እስኪፈነዳ ግፋው፣ ለምን እንደፈነዳ ድረስበት።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙያውን አይበላውም?

መልስ፦ ትንበያውን በከፊል እየወሰደው ነው። ግራፍካስት የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የ10 ቀን ትንበያ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣል። የሠለጠነበት ኢአርኤ5 የተባለው ያለፉት ዓመታት የአየር መረጃ ግን ምልከታና የፊዚክስ ሞዴል ተዋህደው የሠሩት ነው። መረጃ የሌለበትን የአየር ንብረት ለማጥናት አሁንም ፊዚክሱን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ከዶክትሬት በኋላስ?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ያለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ይገባል፤ ኮንትራቱ አጭር ነው፣ ከአገር አገር ያንከራትታል። ማስተማር ካልፈለግሽ የትንበያ ማዕከላትና የነፋስ ኃይል ድርጅቶች ይቀጥራሉ፤ እነሱ ከጽሑፍሽ ብዛት ይልቅ ሌላ ሰው ሊያስኬደው የሚችል ኮድሽን ያያሉ።